የዳታቤዝ ገጾችን በቼክሰም መጠበቅ፦ ከስሌቱ እስከ ብልሽት ምላሽ

ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ባለሙያ ከሚገጥሙት ችግሮች መካከል ከሁሉ የሚከፋው ራሱን የማያሳውቀው ነው። የቆመ ሰርቨር ወዲያው ይታወቃል፤ የሞላ ዲስክም ሥራ ስለሚያስቆም ተጠቃሚዎች ራሳቸው ይናገራሉ። በአንድ ገጽ (ዳታቤዙ በአንድ ጊዜ በሚያነበውና በሚጽፈው የመረጃ ክፍል) ውስጥ ያለች አንዲት ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ብትለወጥ ግን ዲስኩ ገጹን ያለ ምንም የስህተት መልእክት ሊያስረክብ፣ ዳታቤዙም የተረከበውን እንደ ትክክለኛ መረጃ ተቀብሎ ለጠያቂው ሊያቀርብ ይችላል። የተበላሸው ገጽ እንዳለ ወደ መጠባበቂያ ቅጂ ይገለበጣል፤ ጥፋቱ ከመታወቁ በፊት የቆዩት ጤነኛ ቅጂዎች በተለመደው የማጽዳት ሥርዓት ከተሰረዙ ደግሞ ትክክለኛውን መረጃ መልሶ ማግኘት ፈጽሞ የማይቻል ይሆናል። ቼክሰም፣ ማለትም ከመረጃው ተሰልቶ አብሮት የሚቀመጥ መቆጣጠሪያ ቁጥር፣ የሚያስፈልገው ይህ ዓይነቱ ብልሽት ገና በመጀመሪያው ንባብ እንዲታወቅ ለማድረግ ነው።

ስጋቱ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነና 1.53 ሚሊዮን ዲስኮችን ለ41 ወራት የተከታተለ ጥናት ከ400,000 በላይ የቼክሰም አለመጣጣሞችን መዝግቧል። መንስኤዎቹም ብዙ ናቸው፤ የዲስኩ ፈርምዌር (በውስጡ የሚሠራው ሶፍትዌር) ስህተት፣ የኮንትሮለር ጉድለት፣ የላላ ኬብል፣ ስህተት የማረም ችሎታ የሌለው ሜሞሪ ሁሉም ድርሻ አላቸው። እያንዳንዱ ዲስክ ለየሴክተሩ የራሱ የስህተት ማረሚያ ኮድ እንዳለው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ኮድ የሚጠብቀው ዲስኩ ላይ ያረፈውን መረጃ እንጂ ወደ ዲስኩ ሲጓዝ የተለወጠውን ወይም በተሳሳተ አድራሻ የተጻፈውን አይደለም። ስለዚህ መረጃውን የሚያውቀው ክፍል፣ ማለትም ዳታቤዙ ራሱ፣ የጻፈውንና ያነበበውን ማነጻጸር አለበት።

ይህ መመሪያ ሁለት ዓይነት አንባቢዎችን ያስባል፤ የመጀመሪያው የራሱን የመረጃ ማከማቻ የሚጽፍ ፕሮግራመር ሲሆን፣ ሁለተኛው የታወቁ ዳታቤዞችን የሚያስተዳድር ባለሙያ ነው። አስተዳዳሪውም ቢሆን ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ቢያውቅ የሚሻል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቼክሰም ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያመልጠው የሚገባው በዚያ መንገድ ነው።

የስሌቱ ምርጫ

ቼክሰም ከብዙ ባይቶች ተሰልቶ የሚገኝ፣ መጠኑ የተወሰነ አጭር ቁጥር ነው። መረጃው ሲጻፍ ተሰልቶ አብሮ ይቀመጣል፤ ሲነበብ እንደገና ተሰልቶ ከተቀመጠው ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ወይ መረጃው ወይ ቼክሰሙ ራሱ ተለውጧል ማለት ነው፤ በሁለቱም መንገድ ገጹ አይታመንም።

ቀላሉ ስሌት ባይቶቹን መደመር ነው፤ ድክመቱም ወዲያው ይታያል። 12፣ 7 እና 30 የሚሉ ሦስት ባይቶች ቢኖሩን ድምራቸው 49 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ፣ ማለትም 7፣ 12 እና 30 ቢሆኑ፣ ድምሩ ያው 49 ስለሆነ ስህተቱ ያልፋል። ጆን ፍሌቸር እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው ዘዴ ይህን የሚፈታው ሁለተኛ ድምር በመጨመር ነው፤ ሁለተኛው ድምር በየደረጃው የሚገኙትን የመጀመሪያውን ድምር ውጤቶች ይደምራል። በመጀመሪያው ቅደም ተከተል የየደረጃው ድምሮች 12፣ 19 እና 49 ስለሆኑ ሁለተኛው ድምር 80 ይሆናል፤ በተለዋወጠው ቅደም ተከተል ግን 7፣ 19 እና 49 ስለሆኑ 75 ይሆናል። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ መዛባቱን ያጋልጣል። ዘዴው ፈጣንና ለመጻፍ ቀላል ቢሆንም ዛሬ አዲስ ሶፍትዌር ለሚጀምር ሰው የተሻለ አማራጭ አለ።

ያ አማራጭ ዌስሊ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1961 ያስተዋወቀው ሲአርሲ ነው። ሲአርሲ የባይቶቹን ቢቶች የአንድ ረጅም ፖሊኖሚያል ኮኤፊሸንቶች አድርጎ ይወስድና አስቀድሞ ለተመረጠ ቋሚ ፖሊኖሚያል ያካፍላቸዋል፤ ቀሪው ቼክሰም ይሆናል። ትልቁ ጥቅሙ ስለሚይዛቸው ስህተቶች በሒሳብ የተረጋገጠ ዋስትና መስጠቱ ነው፤ 32 ቢት ያለው ሲአርሲ ርዝመቱ እስከ 32 ቢት የሆነን አንድ ተከታታይ የስህተት ክምችት በሙሉ ያለ ምንም ልዩነት ይይዛል። በእውነተኛ ሃርድዌር ላይ የሚከሰቱ ስህተቶች ብዙውን ጊዜ ተቀራርበው የሚገኙ በመሆናቸው ይህ ዋስትና ትልቅ ዋጋ አለው።

ከሲአርሲ ዓይነቶች መካከል ለዳታቤዝ ገጽ የምመክረው ሲአርሲ-32ሲ የሚባለውን ነው። ፖሊኖሚያሉ እ.ኤ.አ. በ1993 በጋይ ካስታኞሊና በባልደረቦቹ የቀረበ ሲሆን፣ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይህንኑ ስሌት በቀጥታ የሚሠራ ትእዛዝ ይዘው ወጥተዋል፤ በአርም ፕሮሰሰሮችም ላይ ተመሳሳይ ትእዛዝ አለ። በመሆኑም ስሌቱ በፕሮሰሰር ጊዜ ላይ የሚጨምረው ጫና ገጹን ከዲስክ ለማንበብ ከሚወስደው ጊዜ ጋር ሲወዳደር እጅግ ትንሽ ነው። ኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የማከማቻ ክፍል) ለገጾቹ፣ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ለለውጥ መዝገቡ (ለውጦች አስቀድመው ለሚሰፍሩበት ፋይል) የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።

በዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነገር በዚፕ ፋይሎች የሚታወቀው ሲአርሲ-32 እና ሲአርሲ-32ሲ በስም የሚቀራረቡ እንጂ ውጤታቸው የተለያየ መሆኑ ነው። የተጠቀሙበት ላይብረሪ የትኛውን እንደሚያሰላ ለማረጋገጥ ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች በተራ ቁጥር በአስኪ ጽሑፍ፣ ማለትም በዘጠኝ ባይት፣ ያስገቡለት። ተራው ሲአርሲ-32 ከሆነ ውጤቱ በአሥርዮሽ 3421780262 ይሆናል፤ ሲአርሲ-32ሲ ከሆነ ደግሞ 3808858755 ይሆናል። ከሁለቱ የተለየ ቁጥር ከወጣ የመነሻ እሴቱ፣ የቢቶቹ አቅጣጫ ወይም የመጨረሻው ግልበጣ ስህተት አለበት ማለት ነው። ይህን ፈተና የሶፍትዌርዎ አውቶማቲክ ፍተሻ አካል ያድርጉት።

የቼክሰሙ ስፋትም ይመዘናል። ገጹ በዘፈቀደ ቢበላሽ 16 ቢት ያለው ቼክሰም ጥፋቱን ሳያይ የሚያልፍበት ዕድል በግምት ከ65,536 አንድ ነው፤ 32 ቢት ሲሆን ከ4,294,967,296 አንድ ይሆናል። አንድ ብልሽት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ገጽ ስለሚነካ 16 ቢትም በተግባር ጥሩ ማንቂያ ነው፤ ቦታ ካለ ግን 32ን መምረጥ ይገባል። ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ለሚጓዙና ለዓመታት ለሚቀመጡ ሙሉ የመጠባበቂያ ፋይሎች ሻ-256 የተባለው ረጅም የሃሽ ስሌት የተሻለ ነው። ሆን ብሎ መረጃ የሚለውጥ ሰው ካሰጋ ግን ከእነዚህ አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም፤ መረጃውን መለወጥ የቻለ ቼክሰሙንም አስልቶ ሊተካው ስለሚችል ሚስጥራዊ ቁልፍ ያለበት ኤችማክ ያስፈልጋል።

ገጽ ሲጻፍና ሲነበብ

የራስዎን ማከማቻ የሚጽፉ ከሆነ ለቼክሰሙ በገጹ ራስጌ (መግቢያ ክፍል) ውስጥ ቋሚ ቦታ ይመድቡ። ስሌቱ ሙሉውን ገጽ ይሸፍናል፤ ቼክሰሙ የሚቀመጥበት ቦታ ግን በስሌቱ ጊዜ እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ አለበለዚያ ቁጥሩ በራሱ ላይ ስለሚመሠረት ሲነበብ ፈጽሞ አይገጥምም። ከዚያም የገጹን ቁጥር በስሌቱ ውስጥ ያስገቡ። ይህ ብዙ ጀማሪዎች የሚዘሉት ደረጃ ነው፤ ፋይዳው ግን ከፍተኛ ነው። ዲስኩ የገጽ 40ን ይዘት በገጽ 41 ቦታ ላይ ቢጽፍ ይዘቱ በራሱ ያልተበላሸ ስለሆነ የገጽ ቁጥር የሌለው ቼክሰም ትክክል ነው ይላል፤ የገጽ ቁጥር የገባበት ግን ወዲያው ይቃወማል። ፖስትግሬስ የሚያደርገው እንዲሁ ነው፤ ከ8,192 ባይቶች ያሰላውን ውጤት ከገጹ ቁጥር ጋር በኤክስኦር (ቢት ለቢት በሚያነጻጽር ስሌት) ካዋሃደ በኋላ ለ65,535 አካፍሎ በቀሪው ላይ አንድ ይጨምራል። አንድ የሚጨመረውም ትክክለኛ ቼክሰም መቼም ዜሮ እንዳይሆንና ዜሮ «ቼክሰም አልተሰላም» ለሚለው ምልክት ነጻ እንዲሆን ነው።

ስሌቱ የሚከናወነው ገጹ ወደ ዲስክ ከመላኩ በፊት ባለችው የመጨረሻ ቅጽበት ነው። ገጹ የሚታመቅ ወይም የሚመሰጠር ከሆነ ቼክሰሙ ዲስኩ ላይ በሚያርፉት ባይቶች ላይ ይሰላ፤ እንዲህ ሲሆን ፍተሻው ማመቂያውን መፍታትም ሆነ የምስጢር ቁልፍ መያዝ ሳያስፈልገው ይሠራል፤ የተበላሸ መረጃም ማመቂያውን የሚፈታውን ኮድ ከማሳሳቱ በፊት ይያዛል። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ስሌቱ እየተካሄደ ሌላ ሂደት በሜሞሪ ያለውን ገጽ መለወጡ ነው። እንዲህ ከሆነ ቼክሰሙ ከተጻፈው ይዘት ጋር አይገጥምም፤ ዳታቤዙም ጤነኛውን ሃርድዌር ይከሳል። መፍትሔው ገጹን ወደ ግል ቦታ ገልብጦ በቅጂው ላይ ማስላትና ያንኑ ቅጂ መጻፍ ነው። ቁጥሩ በምን የባይት ቅደም ተከተል እንደሚቀመጥም በፋይሉ ቅርጽ መግለጫ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ፋይሉ ወደ ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ሲወሰድ ይህ ውሳኔ ይፈተናል።

በንባብ ጊዜ ቼክሰሙ ከማንኛውም ነገር በፊት ይረጋገጥ። በራስጌው ውስጥ ያለን የርዝመት ቁጥር አምኖ ከዚያ በኋላ ቼክሰም መመልከት አደገኛ ነው፤ የተበላሸው ያ ርዝመት ራሱ ሊሆን ይችላልና። በሙሉ ዜሮ የሆነ ገጽ ለብቻው ይታይ፤ ፋይሉ ሲያድግ ሰርቨሩ በመካከል ቢቆም እንዲህ ያለ ገጽ በሕጋዊ መንገድ ሊፈጠር ስለሚችል ፖስትግሬስ እንደ አዲስ ገጽ ይቀበለዋል። ቼክሰሙ ካልገጠመ የስህተት መልእክቱ የፋይሉን ስም፣ የገጹን ቁጥር፣ የተጠበቀውንና የተገኘውን እሴት ይያዝ። በድጋሚ ሲነበብ የተስተካከለ ገጽም ቢሆን በዝምታ አይታለፍ፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው ዳታቤዝ እንዲህ ላለው ሁኔታ 825 የሚል የራሱ የስህተት ቁጥር አለው፤ የዲስኩ መንገድ መታመሙን ቀድሞ የሚናገር ምልክት ነውና።

በታወቁት ዳታቤዞች ላይ ማብራት

በፖስትግሬስ የገጽ ቼክሰም የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 9.3 ስሪት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የሚበራው ዳታቤዙ ሲፈጠር ብቻ ነበር። ስሪት 18 ላይ አዲስ ለሚፈጠሩ ክላስተሮች (በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩ የዳታቤዞች ስብስቦች) በነባሪነት የበራ ሆኗል። የእርስዎ መብራቱን ለማወቅ «ዳታ ቼክሰምስ» የሚለውን ቅንብር ዋጋ ይጠይቁ። ካልበራና ስሪቱ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ፒጂ ቼክሰምስ» በሚባለው መሣሪያ ማብራት ይቻላል። አስቀድመው መጠባበቂያ ቅጂ ይውሰዱ፤ ሰርቨሩን በሥርዓት ያቁሙ፤ ከዚያ መሣሪያውን በማብሪያ አማራጩ ያስኪዱት። መሣሪያው እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ ከነቼክሰሙ መልሶ ስለሚጽፍ ሥራው የሚቆምበት ጊዜ እንደ መረጃው መጠንና እንደ ዲስኩ ፍጥነት ይወሰናል፤ በመሆኑም በቅጂ ላይ ሞክሮ ጊዜውን መለካት ይበጃል። በመካከል ቢቋረጥ ቅንብሩ እንደነበረ ስለሚቆይ ከመጀመሪያው ማስኬድ ይቻላል። ሬፕሊካዎች (የዋናውን ዳታቤዝ ለውጥ እየተከተሉ የሚቀዱ ሰርቨሮች) ካሉ ሁሉንም አቁሞ በሁሉም ላይ ማብራት፣ ወይም ዋናው ላይ ብቻ አብርቶ ሬፕሊካዎቹን እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል፤ ግማሹን አብርቶ ግማሹን መተው ፋይሎችን በቀጥታ ከሚገለብጡ መሣሪያዎች ጋር ሲገናኝ ገጾችን ሊያበላሽ ይችላል። በቀጥታ ስሪት ለማሳደግም አሮጌውና አዲሱ ክላስተር በቼክሰም ቅንብራቸው አንድ መሆን ስላለባቸው ወደ 18 የሚያድግ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያጤን ይገባል።

ማብራቱ ያለ ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው ግን ብዙዎች በሚፈሩት ቦታ፣ ማለትም በስሌቱ ላይ፣ አይደለም። ፖስትግሬስ በንባብ ጊዜ እንኳ በገጾች ላይ ትናንሽ የማስታወሻ ቢቶችን ይጽፋል፤ ቼክሰም ሲበራ እነዚህ ለውጦችም ሙሉውን ገጽ በለውጥ መዝገብ ላይ ማስፈር ሊጠይቁ ስለሚችሉ መዝገቡ ያድጋል። ስለዚህ ከማብራትዎ በፊትና በኋላ የመዝገቡን የዕለት መጠን ይለኩ። ይህ ጭማሪ የመረጃን ትክክለኛነት ለማወቅ የሚከፈል ተመጣጣኝ ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

በማይኤስኪውኤል የኢኖዲቢ ገጽ በነባሪ 16 ኪሎባይት ሲሆን ቼክሰሙ 32 ቢት ነው፤ ከ5.7.7 ስሪት ጀምሮ ነባሪው ስሌት ሲአርሲ ነው። አስተዳዳሪው ማረጋገጥ ያለበት ከዚህ በፊት የነበረ ሰው ፍጥነት ለማግኘት ብሎ ቅንብሩን «ምንም» ወደሚለው አለመለወጡን ነው።

በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ሰዎችን የሚያሳስት ነጥብ አለ። የገጽ ማረጋገጫ ቅንብሩ ከ2005 ስሪት ጀምሮ ቼክሰምን ይቀበላል፤ ከዚያ በፊት ተፈጥሮ ስሪቱ ያደገ ዳታቤዝ ግን አሮጌውን ቅንብር ይዞ ሊገኝ ይችላል። ቅንብሩን መለወጥም ያሉትን ገጾች አይነካም፤ አንድ ገጽ ቼክሰም የሚያገኘው ከለውጡ በኋላ ተለውጦ ሲጻፍ ብቻ ነው። ለዓመታት ያልተነኩ ገጾችም እንዲጠበቁ ኢንዴክሶችን (የፍለጋ ማውጫዎችን) እንደገና መገንባት ያስፈልጋል። በኦራክል ደግሞ የብሎክ ቼክሰም በነባሪ የበራ ስለሆነ ሥራው አለመጥፋቱን ማረጋገጥ ብቻ ነው።

ኤስኪውላይት ከእነዚህ ይለያል። ዋናው ፋይል በነባሪ ምንም የገጽ ቼክሰም የለውም፤ የቅድመ-ጽሑፍ መዝገቡ ክፍሎች ግን አላቸው። ለዚህ የተዘጋጀ ቅጥያ አለ፤ በየገጹ መጨረሻ 8 ባይት ይዞ ቼክሰም ያስቀምጣል። «ኢንተግሪቲ ቼክ» የሚባለው ትእዛዝ የሚያየው የፋይሉን መዋቅር እንጂ የእያንዳንዱን እሴት ትክክለኛነት አይደለም፤ በአንድ የጽሑፍ ዓምድ ውስጥ አንድ ፊደል ቢለወጥና ዓምዱ ኢንዴክስ ባይኖረው ትእዛዙ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ሊመልስ ይችላል።

ቼክሰም የሚናገረው ሲነበብ ነው

ቼክሰምን ያበራ ሰው ሥራው ያለቀ ሊመስለው ይችላል፤ ገና መጀመሩ ነው። ገጹ የሚረጋገጠው ከዲስክ ወደ ሜሞሪ ሲገባ ብቻ ነው። ማንም የማይጠይቀው የአምስት ዓመት ሠንጠረዥ ለአምስት ዓመት ሳይረጋገጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ አንድ ቀን ሲጠየቅ ብልሽቱ ይገኝበትና ጤነኛ የነበሩት መጠባበቂያ ቅጂዎች ሁሉ ከተሰረዙ ቆይተዋል። ስለዚህ ሊታለፍ የማይገባው ደንብ አንድ ነው፤ ሙሉውን ዳታቤዝ አንብቦ የማረጋገጫው ድግግሞሽ መጠባበቂያ ቅጂዎች ከሚቆዩበት ዘመን ያጠረ መሆን አለበት። ቅጂዎች ለ30 ቀን የሚቆዩ ከሆነ ሙሉ ፍተሻ በየሳምንቱ ቢደረግ፣ ብልሽት ሲገኝ ወደ ኋላ የሚሄዱበት በቂ ጊዜ ይኖራል።

በፖስትግሬስ ይህን ለመፈጸም የሚቀለው መንገድ የመጠባበቂያ ቅጂውን ራሱን መጠቀም ነው፤ ከስሪት 11 ጀምሮ «ፒጂ ቤዝባክአፕ» ገጾቹን ሲገለብጥ ቼክሰማቸውን ያረጋግጣል። ሰርቨሩ በቆመበት ጊዜ ደግሞ «ፒጂ ቼክሰምስ» በፍተሻ አማራጩ ይሠራል። የኢኖዲቢው «ኢኖቼክሰም»ም እንዲሁ በማንም ያልተከፈተ ፋይል ይፈልጋል፤ ሥራ ማቆም የማይቻል ከሆነ የቆመ የሬፕሊካ ቅጂ ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ ነገር ግን የሬፕሊካው ዲስክ ጤነኛ መሆኑ ስለ ዋናው ዲስክ ምንም እንደማይናገር መዘንጋት የለበትም። በኤስኪውኤል ሰርቨር «ዲቢሲሲ ቼክዲቢ» ቼክሰሙንም መዋቅሩንም አብሮ ይመረምራል፤ መጠባበቂያ ሲወሰድም የቼክሰም አማራጩ ይጨመር። በኦራክል የ«አርማን» የማረጋገጫ ትእዛዝ ይህንኑ ይሠራል።

የፍተሻው ውጤት ሰው ዘንድ መድረስ አለበት። ፖስትግሬስ ከስሪት 12 ጀምሮ በየዳታቤዙ የወደቁ ቼክሰሞችን ብዛትና የመጨረሻው የወደቀበትን ጊዜ በስታቲስቲክስ ሠንጠረዡ ይይዛል፤ የክትትል ሥርዓትዎ ይህ ቁጥር ከዜሮ ሲበልጥ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያድርጉ። ይህ ቁጥር «ትንሽ ነው» የሚባል ደረጃ የለውም።

ቼክሰም የማያያቸው ብልሽቶች

ዲስኩ ጽፌአለሁ ብሎ ሳይጽፍ ቢቀር በቦታው የሚቀረው አሮጌው ገጽ ነው፤ አሮጌው ገጽ ደግሞ የራሱ ትክክለኛ ቼክሰምና የራሱ ትክክለኛ የገጽ ቁጥር አለው። ስለዚህ የጠፋ ጽሑፍን የገጽ ቼክሰም ብቻውን አይዝም። እንደ ዜድኤፍኤስ ያሉ የፋይል ሥርዓቶች ይህን የሚይዙት የእያንዳንዱን ብሎክ ቼክሰም ከብሎኩ ጋር ሳይሆን ወደ ብሎኩ በሚያመለክተው ወላጅ ብሎክ ውስጥ በማስቀመጥ ነው። የራስዎን ማከማቻ የሚነድፉ ከሆነ ይህ ሊኮረጅ የሚገባው ሐሳብ ነው።

መረጃው በሜሞሪ ውስጥ እያለ ቢበላሽና ቼክሰሙ ከዚያ በኋላ ቢሰላ ደግሞ ስህተቱ በትክክለኛ ማኅተም ታሽጎ ወደ ዲስክ ይሄዳል። መከላከያው ስህተት የሚያርም ሜሞሪ ነው። የሶፍትዌሩ የራሱ ስህተት ያበላሸው ኢንዴክስም በቼክሰም አይታወቅም፤ ለዚህ እንደ «ፒጂ አምቼክ» ያሉ የመዋቅር መመርመሪያዎች ያስፈልጋሉ።

ሁለት ሠንጠረዦችን ማነጻጸር

ዋናውና ሬፕሊካው አንድ ዓይነት መረጃ መያዛቸውን ለማወቅ ከገጽ ወደ ረድፍ መውረድ ያስፈልጋል፤ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ያለ አንድ ዓይነት ረድፍ በተለያዩ ገጾች ሊቀመጥ ይችላልና። አሠራሩ የየረድፉን ዓምዶች በቋሚ ቅደም ተከተል አያይዞ ቼክሰም ማስላት፣ ከዚያም ረድፎቹን በዋና ቁልፋቸው እየከፈሉ፣ ለምሳሌ በሺህ በሺህ፣ የየክፍሉን ውጤት ማነጻጸር ነው። ልዩነት ከተገኘ ያ ክፍል ብቻ ተከፋፍሎ ረድፉ እስኪገኝ ይፈለጋል። ለማይኤስኪውኤል በፐርኮና የመሣሪያ ስብስብ ውስጥ ያለው የሠንጠረዥ ቼክሰም መሣሪያ ይህን ሥራ የሚሠራው ሠንጠረዡን እየከፋፈለ ነው።

እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት ከማያያዣው ይመጣል። «አብ» እና «ጐ» የያዙ ሁለት ዓምዶችና «አ» እና «ብጐ» የያዙ ሁለት ዓምዶች ያለ መለያ ቢያያዙ አንድ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ እሴት በፊት ርዝመቱ ይጻፍ። ባዶ ጽሑፍና ነል (እሴት አለመኖሩን የሚያሳይ ምልክት) የተለያየ ምልክት ይኑራቸው። የጽሑፍ ኢንኮዲንግ፣ የሰዓት ክልልና የአሥርዮሽ ቁጥር አጻጻፍ በሁለቱም ወገን አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። የረድፎችን ቼክሰም በኤክስኦር ማዋሃድ ቅደም ተከተል ስለማይጠይቅ ምቹ ነው፤ ሁለት ጊዜ የገባ ረድፍ ግን ራሱን ስለሚያጠፋ የረድፎቹም ቁጥር አብሮ ይነጻጸር።

ሆን ብሎ አበላሽቶ መሞከር

ማንቂያው እንደሚሠራ የሚያረጋግጠው መንገድ አንድ ነው፤ በሙከራ ቅጂ ላይ ገጽ ማበላሸት። በፖስትግሬስ አንድ የሙከራ ሠንጠረዥ ፈጥረው በርከት ያሉ ረድፎች ያስገቡና ሰርቨሩን ያቁሙ። የገጹ ቁጥር በ8,192 ሲባዛ በፋይሉ ውስጥ የሚጀምርበትን ባይት ይሰጣል፤ ከዜሮ ለሚጀምር ቆጠራ ገጽ 3 የሚጀምረው ከባይት 24,576 ነው። ሠንጠረዡ ከ1 ጊጋባይት ሲበልጥ በየ131,072 ገጹ ወደ አዲስ ፋይል ስለሚከፈል ለትልልቅ ቁጥሮች መጀመሪያ ትክክለኛውን ፋይል ያግኙ። በሊኑክስ «ዲዲ» ትእዛዝ በገጹ ወገብ ላይ፣ ለምሳሌ በባይት 29,576፣ አንዲት ባይት ብቻ ይለውጡ፤ ትእዛዙ የፋይሉን ቀሪ ክፍል እንዳይቆርጥ የሚከለክለውን አማራጭ መጨመር ግዴታ ነው። ሰርቨሩን አስነስተው ሠንጠረዡን በሙሉ ሲያነቡ የቼክሰም ስህተት መውጣት አለበት። የስህተቱ መልእክት ሎጉ ላይ መድረሱን፣ ቆጣሪው መጨመሩን፣ ማንቂያው ተረኛው ሰው ዘንድ መድረሱን እስከ መጨረሻው ይከታተሉ። የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራውም በዚያው ገጽ ላይ ማስጠንቀቁ ይታይ።

ስህተት ሲገኝ

መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አለመጠገን ነው። ሎጉንና የተበላሸውን ፋይል እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከተቻለ ሙሉውን የመረጃ ማውጫ። አሮጌ መጠባበቂያ ቅጂዎችን የሚሰርዘውን አውቶማቲክ ሥራ ወዲያው ያስቁሙ፤ በዚህ ሰዓት ከሁሉ የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸውና። ከዚያ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሎግና የዲስኩን የጤና መረጃ ይመልከቱ፤ ሃርድዌሩ የታመመ ከሆነ መረጃውን እዚያው ላይ መመለስ ችግሩን መድገም ነው።

የስህተቱ መልእክት ከሚሰጠው የፋይል መንገድ ተነሥተው የተጎዳው ሠንጠረዥ ወይም ኢንዴክስ መሆኑን ይለዩ። ኢንዴክስ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ሠንጠረዡ ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ኢንዴክሱ እንደገና ይገነባል። የሠንጠረዥ ገጽ ከሆነ ትክክለኛው ምንጭ ያልተጎዳ ሬፕሊካ ወይም መጠባበቂያ ቅጂ ከለውጥ መዝገቡ ጋር ነው። ቅጂዎቹን ከአዲሱ ወደ አሮጌው እየፈተሹ ያ ገጽ ጤነኛ የሆነበትን የመጨረሻውን ይፈልጉ፤ የለውጥ መዝገቡ ከዚያ ጀምሮ ሳይቋረጥ ካለ እስከ አሁኗ ሰዓት ማምጣት ይቻላል።

ፖስትግሬስ የቼክሰም ስህተትን ችላ ብሎ እንዲያነብ የሚያስገድድ ቅንብር አለው፤ የተበላሹ ገጾችን እንደ ባዶ ዜሮ የሚቆጥር ሌላም አለው። ሁለቱም ከመጠባበቂያ ሊመለስ የማይችልን መረጃ ለማትረፍ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለተኛው በዚያ ገጽ ያሉትን ረድፎች ሁሉ ሊያጠፋ ስለሚችል በቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ ፈጽሞ አይሞከር። የኢኖዲቢ የግዳጅ ማገገሚያ ቅንብርም ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ያሉት ደረጃዎች ፋይሉን በዘላቂነት ሊያበላሹ ስለሚችሉ ከ1 ጀምሮ ቀስ እያሉ መውጣት፣ መረጃው ማንበብ የሚቻልበት ደረጃ ላይ ሲደርስም ወደ ውጭ አውጥቶ አዲስ ዳታቤዝ መገንባት ይገባል።

መረጃው ከተመለሰ በኋላ ሙሉውን ዳታቤዝ አንድ ጊዜ በቼክሰም፣ አንድ ጊዜ በመዋቅር መመርመሪያ ያንብቡ፤ በመጨረሻም የተመለሰውን ሠንጠረዥ ከሬፕሊካው ጋር በረድፍ ደረጃ አነጻጽረው ልዩነት አለመኖሩ ሲረጋገጥ የቆመውን የመጠባበቂያ ማጽዳት ሥራ መልሰው ያስጀምሩ።